የመስተዋቱ ቋጠሮ

የእህቴ ባል ፀጉር አስተካካይ ነበረ። ወላጆቻችን ካለፉ በኋላ እህቴ ስታገባ እኔን ታናሽ እህቷንም እንደ ጓዟ ይዛኝ ስለገባች፣ ያደግሁት ጋሼ እያልኩ በሱ ቤት ነው። ስለዚህ ጠባዩን ከራሴ ጠባይ አስበልጬ አውቀዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ደግ ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ጨዋታ ይወዳል። ሰው ሲታመም ምላጩንና ማበጠሪያውን በጨርቅ ጠቅልሎ እቤቱ ድረስ ሄዶ ጢሙን የሚላጭለት እሱ ነበረ። አንድ ነገር ብቻ አልለቀቀውም፤ ቅናት።

በሚስቱ የሚቀና ሰው መቼም ሞልቷል። ጋሼ ግን በማጅራትም ይቀና ነበረ። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ ነጩ ጨርቅ አንገቱ ላይ ከታሰረለት በኋላ፣ ጋሼ ከኋላው ቆሞ ማጅራቱን ዝም ብሎ ያያል። የራሱን እጅ ሥራ እንደ ልጁ ፊት ያውቀዋል። የሌላ ሰው መቀስ አልፎበት ከሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ይህን ማን ነካው?» ይላል።

ሰውዬው የፈለገውን ያህል የተከበረ ቢሆን ይደናገጣል። ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነው፣ ለቀብር ቸኩዬ ነው እያለ ይንተባተባል። ጋሼ «ግድ የለም፤ ሰው ይሳሳታል» ይልና፣ ከዚያ በኋላ ፀጉሩ ተቆርጦ እስኪያልቅ ቃል አይወጣውም። የሰፈሩ ሰው ይህን ስለሚያውቅ፣ ሌላ ዘንድ የተቆረጠ ሁሉ ፀጉሩ እስኪያድግለት ድረስ በሱቁ ፊት ማለፉን ትቶ በጓሮ መንገድ ይዞር ነበረ።

ሱቁ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። ውስጡ ብረት ወንበሩና የበር ቁመት የሚያህል መስተዋት አሉ፤ መስተዋቱን ሥራውን ያስተማሩት ሽማግሌ ሲያርፉ ለሱ የተዉለት ነው። ጋሼ ሲተክለው እንዲሁ አልተከለውም። ወደዚህ ገፋ፣ ወደዚያ ሳብ ሲያደርገው ውሎ፣ በመጨረሻ ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ ፀጉር እየቆረጠ፣ ዛፍ ጥላ ሥር የቆመችውን መኪናውንና የቤታችንን በር አንድ ላይ የሚያይበት ቦታ አገኘለት። መኪናዋ ትንሽ፣ አሮጌ፣ ሰማያዊ ነገር ነበረች። ከምትነዳበት ቀን የምትታጠብበት ስለሚበዛ ሰፈሩ «ሙሽሪት» ይላታል። ሰው ሲደገፍባት የጋሼ መቀስ ቆም ይላል። እህቴ በር ላይ ቆማ ከጎረቤት ጋር ወሬ ካበዛችም መቀሱ ቆም ይላል። ደንበኞቹም ጸጥታው ሲመጣ ዞር ሳይሉ፣

«አሁን ማንኛዋ ናት?» ብለው ይጠይቁት ነበረ።

እህቴ አስተማሪ ነበረች፤ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ ነገር የማታበዛ። አንድ ክረምት፣ ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ፣ ከተራሮቹ ማዶ ባለች የወደብ ከተማ ርእሰ መምህርት ሆና ተሾመች። ወሬው ሱቅ ሲደርስ የጋሼ ወዳጆች አልማሩትም። አንዱ፣ «እንግዲህ ደወል ሲደወል አንተም ተሰለፍ» አለው። ጋሼ አብሯቸው ሳቀ። ማታ ራት ላይ ግን ሹካውን አስቀምጦ፣ ለእህቴም ለእኔም ሳይሆን ለግድግዳው እንደሚናገር ሰው እንዲህ አለ፦

«አንቺን ወደ ወደቡ ሹመትሽ ያስገባሻል። ቤትሽን የማስገባው ግን እኔ ነኝ። ከነመስተዋቴ፣ ከነመኪናዬ፣ የማንም ወንድ ውለታ ሳይኖርብኝ።»

የዚያ ጉዞ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህች ቃል ነው።

የመጀመሪያው አሳቡ ሙሽሪትን ራሱ ነድቶ ዕቃውን በኋላ ማስላክ ነበረ። መካኒኩ ግን ሞተሯን ከፍቶ ካየ በኋላ፣ የታማሚ ዘመድ እንደሚያጽናና ሐኪም እጁን ትከሻው ላይ ጣለና፣ ለሜዳ ደኅና እንደ ሆነች ነገረው። ዳገቱ ላይ ግን ትፈላለች፤ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ፍሬኗ አይታመንም፤ «ባለቤቷን አታውቅህም» አለው። ስለዚህ መንዳቱ ቀረ።

ያኔ እህቴ የጎረቤቱን ሁሉ ምክር ይዛ መጣች። መኪናውንም ዕቃውንም አንድ ላይ የሚያስገባ ትልቅ የጭነት መኪና ያለው ሰው አለ፤ በቅጽል ስሙ «ቀስ በቀስ» ይባላል። ሰው ሲያወራለት፣ ይህ ሹፌር እንቁላል ቢጭን ጫጩት ሆኖ ይደርሳል እንጂ አይሰበርም ይባልለታል። ጋሼ ጆሮው ቆመ፤ ወደደው። እህቴ ግን ነገር መደበቅ አትወድምና ወዲያው ጨመረችበት።

«አንድ ነገር አስቀድመህ ከኔ ስማ። ይህ ሰው ድሮ፣ አንተን ሳላውቅ፣ ሊያገባኝ ጠይቆኝ ነበረ። እምቢ አልኩት።»

ጋሼ የውሃ ብርጭቆውን ደጋግሞ አዞረ።

«እምቢ የተባለ ሰው ነው የሚያስፈራው» አለ በመጨረሻ። «እሺ የተባለውማ ምን አለው? ይኸው ዓይንሽ ሥር ተቀምጦ ይሸብታል። እምቢ የተባለው ግን ሳይሸብት ልብ ውስጥ ይቀራል።»

«ምነው፣ የሱን ሽበት ቆጥሬ ላምጣልህ እንዴ?» አለችውና ሳህኖቹን አነሳች።

በማግሥቱ እኔን አስከትሎ ባቡር ጣቢያ ሄደ። በመንገድ ሁሉ የባቡርን መልካምነት ሲሰብክልኝ ነበረ፤ ባቡር ሐዲዱን አይስትም፣ ባቡር ዳገት አያውቅም፣ ባቡር የሚነዳው ሰው ፊቱ እንኳ አይታይም። የጣቢያው ሠራተኛ በትዕግሥት ሁሉን አሳየን። መኪናዋ ክፍት ፉርጎ ላይ ጎማዋ በሰንሰለት ታስሮ፣ ሸራ ለብሳ ትሄዳለች። የቤት ዕቃው በዝግ ፉርጎ ይከተላል፤ ምናልባት በሌላ ባቡር። ጋሼ በሁሉም ላይ ራሱን ነቀነቀ። ሠራተኛው በመጨረሻ፣ ቁልፏን እዚሁ ማስረከብ እንዳለበት ነገረው፤ መጋጠሚያው ጣቢያ ላይ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ መዛወሯ ስለማይቀር።

«ማነው የሚያዛውራት?»

«ተረኛው።»

«ተረኛው ማነው?»

«እንደ የተራው ነዋ፣ ጌታዬ።»

ጋሼ እጁን ኪሱ ከትቶ ቁልፉን ሲጨብጠው አየሁት። «እኔ ተራ የምታስጠብቅ መኪና የለኝም» አለና ቀድሞኝ ወጣ። ስንመለስ ሰፈራችን መግቢያ ላይ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ከማያውቁት ስንት ተረኛ የሚያውቁት አንድ ባላንጣ ይሻላል» አለ። ምርጫው በዚህ አለቀ።

ቀስ በቀስ ዕቃውን ሊያይ የመጣ ቀን ጋሼ ከወትሮው ይበልጥ ተላጭቶ፣ ጫማውን ወልውሎ ነበረ። የጠበቀው ጉረኛ ሰው ነው። የመጣው ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ የተናገሩትን እስኪጨርሱ የሚሰማ ሰው ሆነ። ጋሼን «ወንድሜ» ይለዋል። ጋሼ ደግሞ «እርስዎ» እያለ በመካከላቸው አጥር ያጥራል። ሰውየው መስተዋቱን በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ፣ ይህ ቆሞ እንጂ ተኝቶ መሄድ እንደሌለበት ተናገረ። ልክ ነበረ፤ ጋሼን ያንገበገበውም ልክ መሆኑ ነው። የሚጠላ ነገር ቢፈልግበት አጣ። ሰውየው ሊወጣ ሲዞር ግን ማጅራቱን አየና ፊቱ ፈታ አለ፤ አንዱ ጎን ከሌላው ዝቅ ብሎ፣ መስመሩ እንደ ሰካራም መንገድ ተጣሞ ተቆርጧል።

«ሴት ልጅ ይህን ማጅራት ከኋላ እያየች አትኖርም» አለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ። ያን ዕለት ምሳውን በደንብ በላ።

የጭነቱ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ሙሽሪትን በወፍራም ጣውላዎች ላይ ወደ ላይ የነዳት ራሱ ጋሼ ነው፤ ማንም መሪዋን እንዲነካ አልፈቀደም። ወንበሩ ተፈታቶ ገባ፤ አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ የእህቴ መጻሕፍት ገቡ። መስተዋቱን በሁለት ፍራሽ መካከል አቆሙትና ሹፌሩ ገመዱን በቀኝ በኩል አሰረው። እህቴ በግራ በኩል ቆማ ነበረች፤ የተረፈውን ጫፍ ሳትታዘዝ አንስታ እሷም አሰረች። ከዚያ ጎረቤት ምሳ ጠርቶን ስለነበረ ሁላችንም ሄድን። ጋሼ ብቻ፣ መኪናዬን አንድ ጊዜ ልይ ብሎ ቀረ።

በዚያን ጊዜ ያደረገውን፣ ፀጉሩ ነጭ ከሆነ በኋላ፣ እየሳቀ አጫውቶኛል። ወደ ላይ ወጥቶ መስተዋቱን ሲፈትሽ ዓይኑ ገመዱ ላይ አረፈ። የቀኙንም የግራውንም ቋጠሮ አየ፤ መንታ ናቸው። ጫፉ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ በሥሩ ያልፋል፣ ከዚያ ታጥፎ ይወሸቃል፤ በያዘ ጊዜ ብረት ነው፣ ጫፉን ሲስቡት ግን ባንድ ጊዜ ይለቃል። ይህን ቋጠሮ ጋሼ ያውቀዋል። የልብስ ማስጫው ገመድ በዚህ ታስሯል። እህቴ ወደ ሱቅ የምትልክለት የምሳው ዕቃ ጨርቅ በዚህ ይቋጠራል፤ በየቀኑ ጫፏን ስቦ መፍታቱ ራሱ ከምግቡ በፊት የሚጣፍጠው ነገር ነበረ። በማጅራት ላይ የሌላ ሰው እጅ አይቶ የሚያውቅ ሰው፣ በገመድ ላይ አይቶ እንዴት ይስተው?

«ይህን ያህል ዓመት የበላሁት ሰውየው ቋጥሮ የላከልኝን ምሳ መሰለኝ» አለኝ።

ሁለቱንም ፈታቸው። ፈትቶም በራሱ ቋጠሮ አሰራቸው። ችግሩ ጋሼ በዕድሜው የሚያውቀው ቋጠሮ አንድ ብቻ ነው፤ የደንበኛ አንገት ላይ ነጩን ጨርቅ የሚያስርበት። ይህ ቋጠሮ ቢራቢሮ የመሰለ፣ ለዓይን የሚያምር ነው። ሙያው ግን አለማጥበቅ ነው፤ ሰው ሲያስነጥስ ወይም ሲስቅ እንዳይታነቅ ላላ እያለ ይሄዳል። ጋሼ ደጋግሞ፣ አሳምሮ አሰረው። ሸራውን በላዩ መለሰና ምሳ ወደ ተጠራንበት ቤት መጥቶ እጁን ታጠበ። ምንም አልመሰለውም ነበረ።

ጋቢናው ሰፊ ነው። ሹፌሩ ከመሪው ኋላ፣ እኔ በሩ ጥግ፣ እህቴ ከኔ ቀጥላ፤ ጋሼ ደግሞ በሷና በሹፌሩ መካከል እንደ ግድግዳ ተተከለ። ሜዳውን ስናልፍ ልቡ ተደላድሎ ነበረ፤ እንዲያውም ስለ አንድ ራሰ በራ ደንበኛው ቀልድ አወራ፤ ሹፌሩም ከልቡ ሳቀ። ዳገቱን ስንጀምር ነው ሰውየው አሻግሮ እህቴን፣

«የቀኙን አስሬ ስዞር የግራውን ታስሮ አገኘሁት» ያላት። «አባትሽ ትዝ አሉኝ።»

እህቴ ፊቷ በራ። «ሌላ ማሰሪያ አላውቅም እኮ። እንዲህ ካልታሰረ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበረ።»

ጋሼ ግራና ቀኝ አየ። አባታችን የእህል መጋዘን ጫኞች አለቃ እንደነበሩ ያውቃል፤ በሕይወት ግን አልደረሰባቸውም። ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል እየሳቀ አስረዳው። በልጅነቱ በሳቸው ሥር ጫኝ ነበረ። አባታችን አዲስ የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ የሚያስተምሩት ይህን ቋጠሮ ነው፤ ያልቻለ ጆንያ አይነካም። በዚያ መጋዘን ያለፈ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያስረው፣ አሁንም በየመንገዱ የሚታሰር ጭነት ሲያይ የሳቸውን ልጆች ይለያቸዋል።

«ሚስትህ ደግሞ ከሁላችንም ትበልጥ ነበረ» አለው። «ይኸው አሁን መስተዋትህ የሚሄደው በሳቸው እጅ ነው ብትል ውሸት አይሆንብህም፣ ወንድሜ።»

ጋሼ አንገቱን ወደ ጭነቱ ዞር አደረገ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበረ። እህቴ ዳገቱ አዙሮት እንደሆነ ጠይቃው ውሃ ሰጠችው፤ ጠጣ፣ ግን ውሃው የወረደለት አይመስልም። እኔ ያኔ ምንም አላወቅሁም። እሱ ግን፣ እንደ ነገረኝ፣ ከጀርባው በእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ቢራቢሮ ክንፏን ስትዘረጋ ይሰማው ነበረ። ቢናገር ቅናቱን በባላንጣው ፊት አፉን ከፍቶ ማውጣት ነው። ዝም ቢል የመምህሩ መስተዋት፣ የእንጀራው መስተዋት፣ ሚስቱን ወደ አዲሱ ቤቷ ያስገባበታል የተባለው መስተዋት ይሄዳል። ዳገቱ አለቀ። ከፊታችን ቁልቁለቱ እንደ ተጣለ ገመድ ተጠማዞ ታየ፤ ሹፌሩም ማርሹን ቀነሰ። በመጀመሪያው ኩርባ ከኋላ ጉፍ የሚል ድምፅ መጣ።

«አቁም» አለ ጋሼ።

እንዲህ ሲለው ያን ቀን ሙሉ የጠበቀውን «እርስዎ» ረስቶታል።

«ምን ሆንክ?»

«መስተዋቱ። ቋጠሮውን ፈትቼዋለሁ። እኔ ነኝ።»

ቀስ በቀስ ጥያቄ አልጠየቀም። ጠርዝ ይዞ አቆመ፤ ወጥቶ ሸራውን ገለጠ፤ እኛም ተከተልነው። አንደኛው ፍራሽ ተንሸራቶ ወድቋል። መስተዋቱ ዘንበል ብሎ የሙሽሪትን በር ተደግፎ ቆሟል፤ የላይኛው ጥጉ ጥፍር የሚያህል ተሸርፎ ወልቋል፣ እሷም ጎኗ ላይ ረዥም ጭረት አለባት። በቀኝ በኩል ቢራቢሮው ላላ ብሎ፣ ግን ሳይፈታ፣ እንዳማረበት ተንጠልጥሏል። እስከ ሁለተኛው ኩርባ ባንቆም ኖሮ ሁሉም ያልቅ ነበረ።

ሰውየው ቋጠሮውን በሁለት ጣቱ ይዞ አየው። ከዚያ የጋሼን ፊት አየ፤ ገባው።

«የሚያምር ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አንገት አያንቅም።»

ይህን ብቻ ብሎ ጎማ አያለሁ በሚል ወረደና ወደ ፊት ሄደ። ጎማዎቹን ሲያይ እጅግ ቆየ።

እህቴ ዕቃው መካከል ቆማ ባሏን ተመለከተችው። ስትቆጣ ድምፅዋ አይጮህም፤ ክፍል ውስጥ ልጆችን ጸጥ የምታሰኝበት ድምፅ ነው የሚወጣት።

«እንግዲህ በአባቴም ልትቀና ነው?»

«በአባትሽማ ድሮም እቀናለሁ» አለ ጋሼ፤ ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም። «ስማቸውን ስትጠሪ ድምፅሽ ይለወጣል። የኔን ስትጠሪ እንደዚያ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም።»

ነፋሱ ሸራውን ሲያራግበው ይሰማል። እህቴ መሐረቧን አውጥታ የተሸረፈውን ጥግ ስብርባሪ ጠረገች፤ ፍራሹን አነሳን፣ መስተዋቱን መለስነው። ገመዱን ይዛ ልታስር ጀምራ ነበረ፤ መሃል ላይ ተወችው።

«እጅህን አምጣ» አለችው።

ጣቶቹን በጣቶቿ ይዛ አሳየችው። ምላጭ ያን ያህል አሳምሮ የሚይዘው እጅ ገመድ ላይ ሲመጣ ሁለት ግራ ሆነ። ሁለቴ ጠምጥም አለችው፤ ጠመጠመ። በሥሩ አሳልፍ አለችው፤ በላዩ አሳለፈ። ፈትታ እንደገና አስጀመረችው፤ እንደገናም። በመጨረሻ ሲይዝለት ጫፉን ወሽቆ፣ እንደ ተማሪ ቀና ብሎ አያት። ጎትተህ እየው አለችው። ጎተተው፤ አልተነቃነቀም። የቀኙንም ራሱ አሰረ። ሹፌሩ ተመልሶ ሲመጣ በእጁ መታ መታ አደረገውና፣ የመጋዘኑ አለቃ ቢያዩት ጆንያ እንዲነካ እንደሚፈቅዱለት ነገረው።

ጋቢና ስንገባ ጋሼ ቆም ብሎ አሰበ። ከዚያ ራሱ በሩ ጥግ ሄደና እህቴን ከጎኑ አስቀመጣት። መሃሉን ለሰው ለቀቀ ብዬ ስደነቅ፣ በአገጩ ጠቀሰኝ።

«አንቺ ከሹፌሩ አጠገብ ግቢ» አለኝ።

ግድግዳው ተነሥቶ ነበረ፤ በቦታው ግን እኔ መጋረጃ ሆንኩ።

ወደብ ከተማዋ ስንደርስ ጋሼ ሱቁን በትምህርት ቤቱ አጥር ፊት ለፊት ተከራየ፤ መስተዋቱንም ወደዚህ ገፋ፣ ወደዚያ ሳብ ሲያደርግ ውሎ፣ ሙሽሪትና የርእሰ መምህርቷ ቢሮ መስኮት አብረው የሚታዩበት ላይ ተከለው። የተሸረፈችውን ጥግ ብዙ ሰው ጠይቆታል። «መንገድ ላይ ቅናት ነከሳት» ይላቸው ነበረ፤ ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ።

በአዲሱ ሱቅ ወንበሩ ላይ በመጀመሪያ የተቀመጠው ቀስ በቀስ ነው። ጭነቱን አውርዶ ሊመለስ ሲሰናበተን ጋሼ ክንዱን ይዞ አስገባው፤ ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ በቢራቢሮው አሰረለትና ከኋላው ቆመ። ያን ጠማማ ማጅራት ዝም ብሎ አየው። እህቴና እኔ በሩ ላይ ቆመን ነበረ። ከዚያ ያን የምናውቀውን ዝቅ ያለ ድምፅ ሰማን፦

«ይህን ማን ነካው?»

«ኧረ መንገድ ላይ ነው፤ አንዱ ቸኩሎ…»

«ከእንግዲህ መንገድ ላይ የለም» አለው ጋሼ። «ፀጉርህ እዚህ ነው የሚያድገው፣ እዚህ ነው የሚቆረጠው። ሰማህ?»

ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ወደ ወደቡ ጭነት ይዞ በመጣ ቁጥር የጭነት መኪናውን ሱቁ ፊት ያቆማል። ጋሼ ማጅራቱን እንደ ራሱ ርስት ጠበቀለት፤ እህቴ ከሹፌሩ ጋር በር ላይ ቆማ ስለ አባታችን ስትጫወት እንኳ መቀሱ መቆሙን እየተወ መጣ። አንዳንዴ ግን ሰውየው መንገድ ላይ ይቸግረውና ሌላ ዘንድ ይቆረጣል። ያን ጊዜ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ደፍቶ፣ አንገቱን በፎጣ ጠምጥሞ፣ ሰላም ብሎን ቶሎ ሊያልፍ ይሞክራል።

ቀስ በቀስ ኮፍያ አድርጎ የመጣ ቀን፣ ጋሼ በማጅራቱ ቀንቶ የእህቴን ምሳ ቋጠሮ ሳይፈታ ይውል ነበረ።